በየደሴቱ ሌላ ኮረንቲ፦ የ16 ቀን የባሕር ማስታወሻ

ቀን 1፦ ሮድ ታውን፣ ቶርቶላ

ሻንጣዬን ጀልባዋ ላይ ሳሳርፍ የጀልባዋ ባለቤት ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ዋና እንደምችል አይደለም። «ፀጉር ማድረቂያ ይዘሻል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አንድ ትንሽ።»

«በይ እኔን ሳትጠይቂ እንዳትሰኪያት።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ጀልባዋ 12 ሜትር የምትረዝም ባለሸራ ናት። አሜሪካ ስለተሠራች ሽቦዋም፣ ሶኬቷም፣ ማይክሮዌቧም፣ የውሃ ማሞቂያዋም ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የታሰቡ ናቸው። እዚህ ካሪቢያን ባሕር ላይ፣ ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ውስጥ፣ የአገሩም መብራት ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ሰክቶ መጠቀም ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ በወረድን ቁጥር ግን ይለዋወጣል። ጋሼ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በየደሴቱ ጎን በእርሳስ ጽፈዋል። ሲንት ማርተን 110 ቮልት በ60 ሄርዝ። የዚያው ደሴት የፈረንሳይ ወገን 220 በ60። አንቲጓ 230 በ60። ጓደሉፕ፣ ዶሚኒካና ማርቲኒክ 230 በ50። ሌላ ሰው ካርታው ላይ የሚጽፈው ጥልቀትና ድንጋይ ነው። መንገዱ በሙሉ 400 የባሕር ማይል አይሞላም።

ከሰዓት በኋላ አሰካኩን አሳዩኝ። ከመቆሚያችን አጠገብ ወገብ የሚደርስ የኮረንቲ ሳጥን አለ። መጀመሪያ የሳጥኑን ብሬከር ማውረድ። ከዚያ አውራ ጣት የሚያህለውን ቢጫ ገመድ ጀልባዋ ላይ መሰካት። የሳጥኑ ጫፍ ቀጥሎ ነው፤ ሰክቶ እስኪቆለፍ ወደ ቀኝ ማዞር። ብሬከሩ መጨረሻ ላይ ይነሳል። ስንለቅ ደግሞ ሁሉም በተቃራኒው። «ስትሰኪ ከሳጥኑ ጫፍ ከጀመርሽ ኮረንቲ ያለበትን ጫፍ ይዘሽ ባሕር ላይ ትንጠራሪያለሽ» አሉ ጋሼ።

የገመዱንም ጫፍ አሳዩኝ። ከሦስቱ ጥርሶች አንዱ ዙሪያው ጠቁሯል። ጨው ገብቶ ጥርሱን ሲበላው ንክኪው ይላላል፤ የላላ ንክኪ ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል። ጀልባ ላይ እሳት ከሚነሳባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ጋሼ በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት፣ ደጋግመው አሸተቱት፣ ከዚያ «የሚቀጥለው ወር አዲስ ይገዛል» ብለው ሰኩት። ስለ ጥንቃቄ እንዲያ ካስተማሩኝ በኋላ!

አልጋዬ አጠገብ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሰዓት ተሰክቷል። ባትሪ የለውም። ሞተሩን የሚያዞረው ራሱ የሶኬቱ ኮረንቲ ነው፤ የሴኮንዱ ዘንግ ሳይዘል ተንሸራቶ ይዞራል። «እሱን እንዳትነቅይው» አሉኝ፣ «ሥራ አለው።»

ቀን 2፦ ቨርጂን ጎርዳ

መልህቅ ጥለን አደርን። ሶኬት የለም፣ የሚያስፈልገንም የለም። 400 ዋት ሶላር ጀርባችን ላይ አለ። ፍሪጁ በ12 ቮልት በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ ስለሆነ ስለ አገሩ መብራት ግድ የለውም። ሰዓቱ ቆሟል። ዋኘን፣ ተኛን።

ቀን 3 እና 4፦ ወደ ሲንት ማርተን

80 ማይል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ። ታመምኩ። ስለዚህ መንገድ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጠዋት ድልድዩ ሲከፈት ወደ ሲምፕሰን ቤይ ሐይቅ ገብተን መልህቅ ጣልን።

ቀን 5፦ አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ኮረንቲ

ሐይቁ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ይህ ወገን የሆላንድ፣ ያ ወገን የፈረንሳይ። በትንሿ የጎማ ጀልባ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስንሻገር ማንም አላስቆመን። መብራቱ ግን ያውቃል። በሆላንዱ ወገን 110 ቮልት፣ በፈረንሳዩ 220። ከጀልባችን ላይ ሆኜ የሁለቱንም ወገን መብራት ሲበራ እያየሁ ነው ይህን የምጽፈው። ከሩቅ ልዩነት የላቸውም።

ይህ ሁሉ ዝብርቅርቅ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይወዳሉ። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገደማ አሜሪካ ውስጥ የዌስቲንግሃውስ መሐንዲሶች 60 ሄርዝን መረጡ፤ በርሊን ላይ ደግሞ ኤኤጌ የተባለው ኩባንያ 50ን። ሁለቱም ይሠራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ አገር ማሽን የገዛበትን ወገን ተከትሎ ሄደ። ካሪቢያን ላይ ደግሞ እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ሆላንድም፣ አሜሪካም ስለነበሩ አንዱ ደሴት 50ን፣ ሌላው 60ን ይዞ ቀረ።

ቮልት የግፊት ነገር ነው፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ሄርዝ ኮረንቲው በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ጋሼ ጣታቸውን እያወዛወዙ ሲያስረዱኝ «ትራንስፎርመር ግፊቱን ይቀንስልሻል፤ ምልልሱን ግን አይነካውም» አሉ። ያኔ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም ነበር።

ቀን 7፦ አንቲጓ

95 ማይል ገደማ፣ አሁንም ነፋሱ ፊት ለፊት። እኔ ግን ለምጃለሁ፤ ሌሊት ላይ ተረኛ ሆኜ መሪ ያዝኩ። በዚህ እኮራለሁ።

ቀን 8፦ ያ የማውቀው ሶኬት

ሁለት ቀን ደመና ስለነበር ባትሪው 40 በመቶ ደርሷል። አንድ ማሪና ገባን። ስሙን አልጠራም።

መተላለፊያው ላይ የቆመውን ሳጥን ስከፍተው ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ልክ የቶርቶላው ዓይነት ሶኬት! ሦስት የታጠፉ ቀዳዳዎች፣ የእኛ ቢጫ ገመድ ልክክ ብሎ የሚገባበት። የማሪናው ሠራተኛም «110 ነው» ብሎናል። ገመዱን አንስቼ እየተጣደፍኩ ስመጣ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ገመዱን ፈልገው አልነበረም። መልቲሜትሩን፣ የቮልት መለኪያውን፣ አቀብይኝ ማለታቸው ነው።

ሁለቱን ጫፎች ቀዳዳው ውስጥ ከተቱ። ቁጥሩ ትንሽ ዋለለና ቆመ። 231።

ዝም አልን። ሠራተኛው መጥቶ አየ፣ ራሱን አከከ፣ «ባለፈው ሳምንት የሰካ ሰውዬ አልከፋውም» አለ። ምናልባት የዚያ ሰውዬ ጀልባ ሌላ ዓይነት ነበረች። የሶኬት ቅርጽ ለካ ምንም አይናገርም። ሳጥኑን የገጠመው ሰው እጁ ላይ የነበረውን ሶኬት ነው የገጠመው።

ሰክቼው ቢሆንስ? ጋሼ ማታ በወረቀት አሰሉልኝ። ቮልቱ እጥፍ ገደማ ሲሆን ኃይሉ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። 1,500 ዋት የሆነው የውሃ ማሞቂያችን 5,500 ዋት ለመሳብ ይሞክራል። ብሬከሩ ቶሎ ካልወረደ ማሞቂያው ይቃጠላል። ማይክሮዌቡ ግን ብሬከር እስኪወርድ አይጠብቅም። ፀጉር ማድረቂያዬም እንደዚያው። አሁን ነው ጥያቄያቸው የገባኝ።

ጋሼ ከወለሉ ሥር አንድ ከባድ የብረት ሳጥን አወጡ። 230ውን ወደ 115 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ ከጀልባዋ ጋር ከቀድሞው ባለቤት የተረከቡት። በእሱ በኩል ሰካን። መብራቱ በራ፣ ማይክሮዌቡ ሠራ፣ የአልጋዬ ሰዓት ተንቀሳቀሰ። ከስልኬ ጋር አስተካከልኩት። ጠዋት ላይ ደቂቃ ሳያዛንፍ ጠበቀኝ። ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃ መሰለኝ።

ቀን 9 እና 10፦ ዴሄ፣ ከዚያም ሌ ሳንት

በመጨረሻ ነፋስ ከጎን! ጓደሉፕ ደረስን። ዴሄ ውስጥ መልህቅ፣ በማግስቱ ሌ ሳንት። ዝናብ፣ ደመና፣ እንደገና ዝናብ። ሶላሩ ሽባ ሆነ።

ቀን 11፦ ፖይንት-አ-ፒትር፣ ጓደሉፕ

ይህ ቀን ረጅም ነው።

እዚህ ሶኬቱ ሰማያዊ፣ ክብ፣ ባለ 3 ጥርስ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ማሪና የሚጠቀምበት የ16 አምፔር ዓይነት። ጋሼ ለዚህ ሌላ ገመድ አላቸው፤ ጫፉ ሰማያዊ፣ ከቢጫው የሚቀጥን። 16 አምፔር በ230 ማለት 3,680 ዋት ነው። የአሜሪካው 30 አምፔር በ120 ደግሞ 3,600። ቀጭን ስለሆነ ሊናቅ አይገባም።

መልቲሜትሩ 226 አለ። ጥሩ። ከዚያ ጋሼ ሦስት መብራት ያላት ትንሽ መፈተሻ ሰኩ። የበሩት መብራቶች ሊበሩ የሚገባቸው አልነበሩም። ፌዙ (ኮረንቲ ያለበት ሽቦ) እና ኒውትራሉ (ባዶው ሽቦ) ቦታ ተለዋውጠዋል።

ይህ ስህተት በብዙ ወደቦች ይገጥማል አሉ። አምፖል ቢሰካበት ይበራል፣ ቻርጀርም ይሠራል፤ ለዚህ ነው ማንም ሳያስተካክለው ዓመታት የሚያልፈው። የእኛ ጀልባ ላይ ግን ከዋናው በታች ያሉት ትንንሾቹ ብሬከሮች የሚቆርጡት አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦዎቹ ከተለዋወጡ ብሬከሩ የሚቆርጠው ባዶውን ይሆናል፤ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ እስከ ዕቃው ድረስ ይቀራል። አጥፍቻለሁ ብለሽ እጅሽን ታስገቢያለሽ። ትራንስፎርመራችን ደግሞ ወደቡንና ጀልባዋን የማይነጣጥል ዓይነት ነው፤ አንዱ ሽቦ ከወደቡ ቀጥ ብሎ ወደ ጀልባዋ ያልፋል። በተገለበጠ ሶኬት ላይ ያ «ባዶ» የምትይው ሽቦ ሙሉውን 230 ይዞ ይመጣል።

ጋሼ ከመሣሪያ ሳጥኑ አጭር ማገናኛ ገመድ አወጡ። ውስጡ ሁለቱ ሽቦዎች ሆን ተብሎ ተሻግረዋል። እንዳይረሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ ቴፕ ጠቅልለውታል። መሃል ላይ ገባና መፈተሻዋ ተስተካከለች። ይህችን ገመድ ያለ ቴፕ የሚተው ሰው ካለ ከእሱ ጋር ባሕር አልወጣም።

የመሬት ሽቦውን አስቀድመው ፈትሸዋል። እሱ ከሌለ ምንም አይሰኩም፤ በዚህ ላይ ድርድር የላቸውም።

ሰካን። ትራንስፎርመሩ ወዲያው ማጉረምረም ጀመረ። አንቲጓ ላይ እንዲህ አልነበረም። እኔ ሰዓቱን ከስልኬ ጋር አስተካክዬ ገላዬን ልታጠብ ሄድኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ የአልጋዬ ሰዓት 10 ሰዓት ከ20 ይላል፤ ስልኬ 10 ሰዓት ተኩል። አስተካከልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ተበላሸ ብዬ ላወርደው ስል ቀን 5 ላይ የተወዛወዘው ጣት ትዝ አለኝ።

ሰዓቱ የሚቆጥረው ጊዜ አይደለም፤ ምልልስ ነው። 60 ምልልስ ሲደርሰው አንድ ሴኮንድ አለፈ ይላል። እዚህ በሴኮንድ የሚደርሰው 50 ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ 60 ደቂቃ ለእሱ 50 ደቂቃ ነው። ቮልቱ ትክክል፣ ሰዓቱ ውሸት። ጋሼ ሳቁ፤ ለካ እስክደርስበት ሲጠብቁ ነበር።

«ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ግድ የለም» አሉ። በምልልሱ የሚዞር ሞተር ሁሉ እንደዚያው ይዘገያል። ለ60 የተሠራ የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) በ50 ላይ ቀዝቀዝ ከማለት ይልቅ ራሱን ማሞቅ ይቀናዋል። ትራንስፎርመሩ ራሱ ለ60 የተሠራ ነው፤ ምልልሱ ሲዘገይ ብረቱ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ለዚህ ነው የሚያጉረመርመው።

ይህን እያሉኝ ነው የቀለም ሽታ የመጣው። ወለሉን ስንከፍት የብረት ሳጥኑ እጅ አያስነካም። ጋሼ ሮጠው ብሬከሩን አወረዱ። ስድስት ዓመት ተሸክመውታል፤ የሚያውቁትን እያወቁ፣ ማይክሮዌብ ለመጠቀም ብለው። ፊታቸው ላይ ትንሽ እፍረት አየሁ፤ ምንም አላልኩም።

ቀን 12፦ ቻርጀሩ ብቻ

ጠዋት አዲስ ሕግ ወጣ። ከጀልባዋ ዕቃዎች ከወደቡ ኮረንቲ ጋር የሚገናኘው ቻርጀሩ ብቻ ነው። ሌላ ማንም አይነካውም።

ነገሩ ቀላል ሆኖ ሳለ ለምን እስካሁን አልተደረገም ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ልማድ ነው። ቻርጀሩ ባለፈው ዓመት የተገዛ ነው፤ ጀርባው ላይ ከ90 እስከ 265 ቮልት፣ ከ45 እስከ 65 ሄርዝ ይላል። ማለትም የየትኛውንም ደሴት ኮረንቲ ይበላል። እሱ ወደ 12 ቮልት ቀይሮ ባትሪው ውስጥ ያስገባል፤ ባትሪ ውስጥ ሄርዝ የሚባል ነገር የለም። ከባትሪው ደግሞ ኢንቨርተሩ የራሱን 120 ቮልት፣ የራሱን 60 ሄርዝ ይሠራል። ጀልባዋ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አገር ነው።

የጎደለው ሥራው ነበር። ጋሼ ሰማያዊውን ገመድ በቀጥታ ቻርጀሩ ላይ የሚያደርስ የራሱ መስመር ዘረጉ። ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ብሬከር፣ ከሱ ጋር 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ። እኔ መብራት ያዥ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ሁለት ቡሎን ባሕር ውስጥ ገባ።

ቻርጀሩ ባትሪው ውስጥ 50 አምፔር ያስገባል፤ ከወደቡ የሚወስደው ግን 3 አምፔር ተኩል ገደማ ነው። 6 አምፔር ብቻ የሚሰጡ ወደቦች ላይም ይበቃል። የተውነው ማሞቂያውን ነው። 1,500 ዋት ከባትሪ ማለት ከ125 አምፔር በላይ ነው፤ ቻርጀሩ ከሚያስገባው ሁለት እጥፍ ተኩል። ውሃ የሚሞቀው ከእንግዲህ ሞተር ሲነሳ ብቻ ነው።

ማታ ላይ መተላለፊያው መጨረሻ ያለን ሁሉ ስናበስል ቮልቱ 204 ድረስ ወረደ። የጎረቤታችን ኤሲ መንተባተብ ጀመረ። የእኛ ቻርጀር አልሰማም።

የእኔ ጥፋትም አለ። የተረፈውን ገመድ አሳምሬ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አስቀምጬው ነበር። ከቻርጀሩ ሌላ ጋሼ ለጎረቤት የብየዳ ሥራ ከእኛ ገመድ ላይ መስመር ሰጥተዋል። ስነካው ጥቅሉ መሃል ላይ ይፋጃል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ፈትቼ በርዝመቱ ዘረጋሁት፤ ሰው እንዳያደናቅፍ በዳር በዳር፣ ውሃ እንዳይነካው ከፍ አድርጌ። ወደ ጀልባዋ የሚገባው ጫፍ አጠገብ ጠብታው ወደ ሶኬቱ እንዳይሮጥ ትንሽ ወደ ታች አንጠለጠልኩት።

ቀን 13 እና 14፦ ዶሚኒካ፣ ሳን ፒየር

ፖርትስመዝ ላይ አንድ ሌሊት በመልህቅ። በማግስቱ 50 ማይል፣ ማርቲኒክ። ሳን ፒየር ከተማ ከፔሌ ተራራ ሥር ናት፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ተራራው ፈንድቶ 30,000 ያህል ሰው የጨረሰባት። ከጨለማው ባሕር ላይ ሆኜ ከተማዋን ሳያት ስለ ቮልት ማሰብ ትንሽ አሳፈረኝ።

ቀን 15፦ ሌ ማረን

ትልቅ ማሪና፣ ሰማያዊ ሶኬት፣ 229 ቮልት፣ ፌዙም ኒውትራሉም በቦታቸው። ቀዩ ገመድ ከሳጥኑ አልወጣም።

መተላለፊያው ላይ አንድ ልጅ ከጀልባ ዘሎ ሊዋኝ ሲል ጋሼ ጮኹበት። የማን ልጅ እንደሆነ አናውቅም። ማሪና ውስጥ አይዋኝም፤ ከመቶ ጀልባ አንዱ ኮረንቲ ቢያፈስ ውሃው ውስጥ የሚነግርሽ የለም።

ቀን 16፦ ሳንት አን

ከማሪናው ወጥተን ንጹሕ ውሃ ላይ መልህቅ ጣልን፤ ጋሼ ጠልቀው ፕሮፔለሩን ሊያዩ። ዚንኩን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ከሁለት ወር በፊት ቡጢ ያህል ነበር አሉ። አሁን በልቶት በልቶት የተቦረቦረ አጥንት መስሏል።

የበላው የወደቡ ገመድ ነው። ሁሉም ጀልባ በመሬት ሽቦው በኩል እርስ በእርሱ ይያያዛል። የተለያየ ብረት፣ ጨዋማ ውሃ፣ መሃል ላይ ሽቦ፤ ይህ ራሱ ባትሪ ነው። ደካማው ብረት ይበላል፣ ዚንኩም የተቀመጠው ለመበላት ነው። እሱ ሲያልቅ ተራው የፕሮፔለሩ ነው። አንዳንዱ ሰው መፍትሔ ብሎ የመሬት ሽቦውን ይቆርጠዋል። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሰው ሲጠሩበት የሰማሁትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። እሳቸው የሚገዙት አይሶሌተር ነው፤ ብረት የሚበላውን ጥቃቅን ፍሰት ያግዳል፣ አደጋ ሲመጣ ግን ሽቦው መንገዱን አይዘጋም።

ትራንስፎርመሩን ሌ ማረን ጥለነው መጥተናል። ጋሼ ካርቶን ላይ «ለ60 ሄርዝ ብቻ» ብለው በትልቁ ጽፈው አሰሩበት። ጀልባዋ ቀለል ስትል የተሰማኝ ለእኔ ብቻ ይሆናል።

የአልጋዬ ሰዓት በኢንቨርተሩ ላይ ትክክል ነው። ፀሐዩ ወጥቷል፣ ባትሪው 96 በመቶ። ከዋናዬ ስመለስ ፀጉሬ በጨው ደርቆ ገመድ ሆኗል። ጨው በሌለው ውሃ አለቀለቅሁትና ሻንጣዬን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ልሰካ?»

መልስ ሳይሰጡ ከባትሪው መቆጣጠሪያ ፊት ሄደው ቆሙ። «ስንት ዋት ናት?»

«1,200።»

«ሦስት ደቂቃ።»

ሰካኋት። አምፔሩ 112 ደረሰ። ጋሼ ቁጥሩን እንጂ እኔን አያዩም። «በቃ» ሲሉ የፀጉሬ ግማሽ ገና እርጥብ ነበር።